ልጅ በሰልፍ ቆሞ ጨዋታ አይማርም



በቤታችን የሚያድግ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ። ትምህርቱን የሚወድ፣ ውዳሴ ማርያምን በቃሉ ያጠና፣ ለታናሽ እኅቱም የሚያዝን ልጅ ነው። ይኸው ልጅ ባለፈው ዓመት ከጥቅምት ወር ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ጧት ሆዱን ያመው ጀመር። በመጀመሪያ የረቡዕ ጾም ያደከመው መስሎን የማታውን ምግብ አሻሻልንለት። ቀጥሎም ፌጦ ተበጥብጦ ተሰጠው፤ ጤና አዳምም ተሞከረ። በመጨረሻ ወደ ሐኪም ወሰድነው፤ ሐኪሙም መርምሮ ምንም የሚያሠጋ ነገር እንደሌለበት ነገረን። ዓርብ ሲሆን ደግሞ ልጁ ከማናችንም ይልቅ ደኅና ነው። ነገሩን የገለጸችልን የሰባት ዓመቷ እኅቱ ናት። «ሐሙስ እኮ ስፖርት አላቸው» አለችን፤ ይህንንም ስትናገር እስከ ዛሬ እንዴት አላወቃችሁም የምትል ትመስል ነበር።

ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ጠይቀን አንድ ሐሙስ ከሜዳው ዳር ባለው ግንብ ሥር ተቀመጥን። ክፍሉ 54 ልጆች አሉት። ኳሶቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋም ነፋሷ ጐድሏል። መምህሩ ወጣት፣ ትሑትና ትጉህ ሰው ነው፤ በልጆቹ ላይ ክፉ ቃል ሲናገር አልሰማንም። ስም ጠራ፤ ሰውነት ማሟሟቂያ አሠራ፤ ከዚያም ልጆቹን በሁለት ረድፍ አቆማቸው። በየረድፉ ፊት አምስት አምስት ድንጋዮች ተደርድረዋል። ተራው የደረሰው ልጅ ኳሷን በእግሩ እየገፋ በድንጋዮቹ መካከል ተጠማዝዞ ይሄዳል፤ ተመልሶ ለሚቀጥለው ይሰጣል፤ ከረድፉም መጨረሻ ሄዶ ይቆማል።

እኛም ሥራ ስላልነበረን ሰዓታችንን አውጥተን ቈጠርን። ለትምህርቱ ከተመደበው 40 ደቂቃ 10ሩ በስም ጥሪና በማሟሟቂያ አልፏል። በአንድ ረድፍ 27 ልጆች አሉ፤ አንዱ ልጅ ደርሶ ለመመለስ 20 ሰኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ እንግዲህ አንድ ዙር 9 ደቂቃ መሆኑ ነው። በቀረው 30 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ዙር ብቻ ይደርሳል። ይኸውም ማለት አንድ ልጅ ኳስ ሲነካ የሚውለው 1 ደቂቃ ሲሆን የቀረውን 29 ደቂቃ የፊተኛውን ልጅ ማጅራት እያየ ይቆማል ማለት ነው። ያውም ለዝናብና ለበዓል የሚታጐለውን ሐሙስ ሳንቈጥር ነው።

የእኛ ልጅ ተራው በደረሰ ጊዜ ኳሷ ከሁለተኛው ድንጋይ ጋር ተጋጭታ ወደ ቦዩ ሮጠች። በረድፉ ያሉት 26 ልጆች ሳቁ። እርሱም ኳሷን ከቦዩ ሲያወጣ 20 ሰኮንዱ አለቀና ለሚቀጥለው ልጅ ሰጥቶ ጆሮው ቀልቶ ወደ ኋላ ሄደ። በሁለተኛው ዙር ኳሷን እንደ ዕንቍላል ቀስ እያለ ገፋት፤ «ፍጠን!» የሚል ድምፅ ከረድፉ ተሰማ። ሦስተኛው ዙር ሲደርስ ጫማውን ለማሰር ጐንበስ አለ፤ ማሰሩም ደወል እስኪደወል ድረስ አላለቀም። የሆድ ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ ያን ጊዜ ገባን።

ወደ ቤት ስንመለስ በልባችን መምህሩን እንወቅስ ነበር። ይሁን እንጂ የሰውን ስንናገር የራሳችንን መደበቅ አይገባምና እንጨምር። በዚያው ሳምንት ልጁን እኛው ራሳችን እናስተምረዋለን ብለን አዲስ ኳስ ገዛን። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በግቢያችን አቁመን፣ «እንዲህ ቁም፤ ጕልበትህን እጠፍ፤ በውስጥ እግርህ ምታ፤ አይደለም፤ ድገም፤ አሁንም አይደለም» እያልን ጀመርን። ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ቈየ ልጁ ቀና ብሎ፣ «መቼ ነው የምንጫወተው?» ሲል ጠየቀን። እኛም፣ «መጀመሪያ ቻል፤ ከዚያ በኋላ ትጫወታለህ» አልነው። ልጁ ከደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ አዲሲቱም ኳስ እስከ ገና ድረስ ከአልጋ ሥር ተቀመጠች።

«መጀመሪያ ቻል» የሚለው ቃል በብዙ ቤትና በብዙ ሜዳ የሚነገር ስለ ሆነ ጥቂት እንመርምረው። ሕፃን አፉን የሚፈታው እናቱ አስቀድማ ግሥ ስላስረባችው አይደለም። በመጀመሪያ ከሰው ጋር ሊነጋገር ይፈልጋል፤ ስለዚህም ተሳስቶ፣ ተኰላትፎ ይናገራል፤ የቤቱም ሰው ሳይስቅበት ይመልስለታል። ሰዋስው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። በጨዋታ ግን እኛ ትልልቆቹ ሥርዐቱን ገልብጠን ሰዋስዉን አስቀድመን ወሬውን እንከለክላለን።

አንዳንድ አንባብያን፣ «የኔታስ በድግግሞሽ አይደለም ወይ ያስተማሩን? ትርጕሙን ሳናውቅ ሀሁን፣ አቡጊዳን፣ ዳዊትንም ስንል አልነበረምን?» ይሉን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የፊደል ትምህርት ቤቱን ደጅ እናስታውስ። በዚያ ልጁ ሁሉ በአንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብባል፤ ትልቁ ትንሹን ያስቈጥራል፤ የኔታም ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል የአንዱን ልጅ ስሕተት ለይተው ይሰማሉ። አንድ ዳዊት ለ27 ልጅ አቁሞ ለእያንዳንዱ አንዲት ቃል በየተራ የሚያስነብብ መምህር እኛ አላየንም። ከዚህም በላይ ፊደል በብራናው ላይ ጸንቶ ይቆያል፤ ኳስ ግን ትሮጣለች፤ የሚነጥቅ ባላጋራም አላት። በድንጋይ መካከል መጠማዘዝ የቻለ ልጅ፣ ድንጋዩ እግር አውጥቶ ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ አልተማረም።

ለገና በዓል ወደ ገጠር፣ ወደ ልጁ አያት ቤት ወረድን። የገና ጨዋታ ለአንባብያን አዲስ ነገር አይደለም። እረኞች የጌታን ልደት በሰሙ ጊዜ በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ ከሚለው ትውፊት ጋር ተያይዞ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ ጫፉ በቈለመመ ዱላ ኳስ እየመቱ በሁለት ወገን የሚጫወቱት ነው። ኳሷ ከእንጨት የተጠረበች ወይም ከጠፍር የተሠራች ስትሆን እንደየአገሩ ሩር ወይም ጥንግ ትባላለች። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ እንደሚጋፋ፣ ጌታም እንደማይቈጣ የታወቀ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን ወርቅ ያመጣው አበበ ቢቂላ በልጅነቱ ገና ይጫወት እንደ ነበር፣ ግቦቹም አንዳንድ ጊዜ በብዙ ሺህ ሜትር ይራራቁ እንደ ነበር ስለ ሕይወቱ የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ። ሩጫው ከዚያ መጣ ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን እንደዚያ ባለ ሜዳ ላይ ያደገ ልጅ፣ ሩጫ እየተማርሁ ነው ብሎ ሳያስብ ብዙ እንደሚሮጥ ግልጽ ነው።

ጐልማሶቹ ከታችኛው መንደር ጋር በሰፊው መስክ ሲጫወቱ፣ የልጁ አያት ለትንንሾቹ ከበጎች ጕሮኖ አጠገብ ሌላ ሜዳ ለዩላቸው። ርዝመቱ 30 ርምጃ ያህል ነው፤ ግቡም ሁለት ሁለት ድንጋይ ነው። በእንጨቷ ሩር ፈንታ ከአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ተጠቅልላ በገመድ የታሰረች ኳስ ሰጧቸው። ለልጃችን የተሰጠው ዱላ የአጎቱ ነበርና ከትከሻው በላይ ይደርስ ነበር፤ አያቱ አይተው ዱላውን ወሰዱና በቁመቱ ልክ ቈረጡለት። ከልጆቹ መካከል አንዱ የ12 ዓመት ጕልበታም ስለ ነበረ፣ «አንተ በግራ እጅህ ብቻ ተጫወት» ተባለ፤ እርሱም ይህን እንደ ሹመት ቈጥሮት በግራ እጁ ሲታገል ዋለ። ዱላውን ከጕልበት በላይ ያነሣ ኳሷን ለሌላው ወገን ይለቅቃል የሚል ሕግም ተነገረ። ከዚህ በቀር አንድም ትምህርት አልተሰጠም።

በመጀመሪያ ጊዜ ልጃችን የመታው አፈር ብቻ ነው። ማንም አልሳቀም፤ ለመሳቅ ጊዜ ያለው ልጅ አልነበረምና። እንደ ሌሎቹም ሁሉ ኳሷን ከኋላ ከኋላዋ ተከትሎ እንደ ንብ መንጋ ይሮጥ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን መግተልተሉን ትቶ ከግርግሩ ወጣ ብሎ በባዶው ቦታ ቆመ። ኳሷም ወደ እርሱ ተንከባልላ መጣች። እንዲህ እንዲቆም የነገረው የለም፤ ጨዋታው ራሱ ነገረው። ከዚያም ሁለት ጊዜ መትቶ ኳሷ ወደ ላይ ብትዘልበት ወደ አያቱ ሮጠና፣ «አባባ፣ ስመታት ለምን ትዘልብኛለች?» አለ። አያቱም እጁን በዱላው ላይ ዝቅ አድርገው አስያዙትና፣ «ዐይንህን ከኳሷ አታንሣ፤ ከሥሯ አትቈፍር፤ ግፋት» ብለው መለሱት። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ልጁ በማታ ሲገባ እስከ ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሶ ነበር፤ ከድፎ ዳቦውም ሦስት ጊዜ ቈረሰ።

እኛም፣ «አባታችን፣ ምን አድርገው አስተማሩት?» ብለን ጠየቅናቸው።

«እኔ ምን አስተማርሁት፤ ዱላውን በቁመቱ ቈረጥሁለት እንጂ» አሉን።

ወደ ከተማ ከተመለስን በኋላ ስለዚሁ ጉዳይ የተጻፈውን ስንመለከት፣ አዛውንቱ በበጎች ጕሮኖ አጠገብ ያደረጉት ነገር በዩኒቨርሲቲም ስም ተሰጥቶት አገኘነው። በእንግሊዝ አገር በላፍበራ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዴቪድ በንከርና ሮድ ቶርፕ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1982 ባወጡት ጽሑፍ፣ ጨዋታ በትምህርት ቤት የሚሰጥበትን መንገድ ተቹ። ያስተዋሉትም ይህ ነው፦ ብዙዎቹ ልጆች በስፖርት ትምህርት ያልተሳካላቸው ሆነው ይቀራሉ፤ ትምህርታቸውንም ሲጨርሱ ስለ ጨዋታው የሚያውቁት እጅግ ጥቂት ነው፤ ችሎታ አላቸው የሚባሉትም ቢሆኑ የለመዱትን እንቅስቃሴ ከመደጋገም በቀር በጨዋታ መካከል ፈጥነው መወሰን ይቸግራቸዋል፤ መምህሩም ካልነገራቸው በራሳቸው ማሰብ አይችሉም። ስለዚህ ሥርዐቱን ገለበጡት። አስቀድሞ ለልጆቹ የሚመጥን ጨዋታ ይሰጣል፤ ልጆቹ የጨዋታውን ዓላማና ሕግ ይረዳሉ፤ ቀጥሎም የት ልቁም፣ ለማን ልስጥ፣ መቼ ልምታ የሚለውን ያስባሉ፤ እንዴት ልምታ የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ በመጨረሻም ወደ ጨዋታው ይመለሳሉ።

የቀድሞው መንገድ ከወዴት እንደ መጣ መጠየቅ ደግ ነው፤ መምህሮቻችን ከልባቸው አንቅተው ያመጡት አይደለምና። ፔር ሄንሪክ ሊንግ የተባለው ስዊድናዊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1813 በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ማሠልጠኛ ከፈተ። ልጆች በረድፍ ቆመው በትእዛዝ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ የሚሠሩበት የእርሱ ሥርዐት ወደ ብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች ገባ። ለሰውነት መስተካከል የታሰበና በጊዜው የጠቀመ ነበር። ነገር ግን እጅን ለማንሣትና ለማውረድ የተሠራ ረድፍ ለኳስ ጨዋታ ሲውል፣ ያ ባለ 27 ልጅ ሰልፍ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ ዱላው ቁመት እንመለስ፤ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ በዚያ ነውና። የእግር ኳስ ግብ በሕጉ መሠረት ስፋቱ 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታውም 2 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ለጐልማሳ የተለካ ነው። አንድን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በዚያ ውስጥ ግብ ጠባቂ አድርጎ ማቆም በተከፈተ በር ፊት ድመት እንደ ማቆም ያለ ነው፤ ልጁም ሞኝ አይደለምና ከላይ የሚመጣውን ኳስ ቆሞ ያያል። የቅርጫት ኳስ ቀለበት ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሰቀላል፤ ለልጆች በተዘጋጀው ጨዋታ ግን ወደ 2 ሜትር ከ60 ይወርዳል፤ ኳሷም ታንሳለች። ይህን ያደረጉት ሰዎች ለልጆች ስለ ራሩ ብቻ አይደለም። ልጁ ከዐቅሙ በላይ የሆነ ኳስ ወደ ላይ ለማድረስ ሲል ከወገቡ እየተወረወረ ይገፋታል፤ ይህን አጥፊ ልማድ ከያዘ በኋላ ለማስለቀቅ ዓመታት ይጠይቃል። ሜዳውና መሣሪያው ልኩ የሆነለት ልጅ ግን ትልልቆቹ የሚያደርጉትን ያንኑ እንቅስቃሴ በትንሹ ያደርጋል።

ሌላው ብልሃት አንዱን ነገር እንዲያስተውሉ ስንፈልግ ሜዳውን ራሱን አጋንኖ መሥራት ነው። ለምሳሌ ልጆች ሁሉ ኳሷ ወዳለችበት የሚሰበሰቡ ከሆነ፣ «ተበተኑ» ብሎ መጮኽ ጕሮሮ ከማድረቅ በቀር የሚያመጣው የለም። በዚህ ፈንታ ለእያንዳንዱ ወገን አንድ ግብ መስጠት ትተን በሜዳው ግራና ቀኝ ማዕዘን ሁለት ሁለት ትንንሽ ግቦች እናቁም። አንዱ ግብ ሲጨናነቅ ሌላው ባዶ መሆኑን የሚያይ ልጅ ሳይቈይ ይገኛል፤ እርሱ ካገባ በኋላ ሌሎቹም ይበተናሉ። መረብ ካለም ሜዳውን ጠባብና ረጅም ብናደርገው፣ ልጆቹ ተቃራኒውን ወደ ኋላ አርቆ ከዚያ አቅርቦ መጣልን በራሳቸው ያገኙታል።

በዚህ መካከል የትልቁ ሰው ሥራ ምንድን ነው? በአመዛኙ መጠየቅ ነው። ጨዋታውን ለጥቂት ጊዜ አቁሞ፣ «አሁን ኳሷ በእርሱ እግር ናት፤ አንተ ከዚህ ብትቆም ሊሰጥህ ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ፤ መልሱንም ከልጁ መጠበቅ። ጥያቄው አንድ ይሁን፤ አጭርም ይሁን። እኛ በዚህ ገና ደካሞች ነን፤ ጥያቄ ጀምረን ስብከት የምንጨርስበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ልጆቹም ወዲያው ያውቁብንና እግራቸውን ማወዛወዝ ይጀምራሉ።

ይህን ስንል መልመጃ አይጥቀም ማለታችን እንዳይመስል። ሁለቱን መንገዶች ያነጻጸሩ ጥናቶች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት አላሳዩም፤ ጨዋታ ብቻውን ጥሩ አመታትን ያወርሳል ብለንም አናታልልም። ጥያቄው መልመጃው የሚመጣበት ጊዜ ነው። ልጁ ሮጦ መጥቶ፣ «ለምን ትዘልብኛለች?» ባለ ጊዜ፣ መልመጃ የሚያስፈልገው መሆኑን ራሱ ተናግሯል። በዚያች ሰዓት አሥር ጊዜ ድገም ቢባል ሃያ ጊዜ ይደግማል። እኛ ቅዳሜ ዕለት በግቢያችን የሰጠነው መልስ ትክክለኛ ነበር፤ ልጁ ግን ጥያቄውን ገና አልጠየቀም ነበር።

ስለ ልጃገረዶች ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። በብዙ ሜዳ እንዳየነው፣ ወንዶቹ ኳስ ሲወስዱ ልጃገረዶቹ የሰው ሹራብ ይዘው ከዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ «ስፖርት አይወዱም» ተብሎም ይታለፋል። ነገር ግን እነዚያው ልጆች በቤታቸው ደጅ ቅልብልቦሽ ሲጫወቱ ተመልከቱ። አንዲቱን ጠጠር ወደ ላይ ወርውራ፣ ከመሬት ያሉትን ለቅማ፣ የወደቀችውን መልሳ በእጇ ስትቀልብ ዐይኗና እጇ እንዴት እንደሚተባበሩ ለማየት የሚያስደንቅ ነው። የቅርጫት ኳስ ወይም የእጅ ኳስ መምህር ከዚህ የተሻለ ምን መነሻ ይፈልጋል? ሱዚንም ብንወስድ ላስቲኩ በመጀመሪያ ከቍርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ ከጕልበት፣ ከዚያም ከወገብ ይደርሳል፤ የበታቹን ያለፈችው ብቻ ወደ በላዩ ትወጣለች። ልጆቹ ያለ መምህር ዱላውን በቁመታቸው ይቈርጡታል ማለት ነው። የልጁ ታናሽ እኅት በዚህ ነገር ከወንድሟ እንደምትበልጥ በዚሁ አጋጣሚ እንመሰክርላታለን፤ እርሷም ይህን እንድንጽፍ አሳስባናለች።

ከጨዋታዎች ሁሉ አንመርጥም የምንለው የተሳሳተውን የሚያስወጣውን ነው። ኳስ የነካችው ይውጣ፣ የተያዘው ይቀመጥ በሚባልበት ጨዋታ በመጀመሪያ የሚወጣው ያው ደካማው ልጅ ነው። ልምምድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው እርሱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከዳር ይቀመጣል፤ የማያስፈልገው ብርቱው ልጅ እስከ መጨረሻው ይሮጣል። የተነካው ልጅ ወጥቶ ከመቀመጥ ይልቅ ወደ ሌላው ወገን ቢዛወር፣ ወይም እስከ ዛፉ ሮጦ ቢመለስ ጨዋታው ምንም አይጐድልበትም።

በቤት መጀመር ለሚፈልጉ ወላጆች ብዙ ወጪ የለበትም። ከአራት እስከ ስድስት ልጅ፣ 15 ርምጃ የሚሆን ቦታ፣ ለግብ የሚሆኑ ድንጋዮች፣ ከቍራጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ኳስ ይበቃል። የጨርቅ ኳስ ብዙ ስለማትነጥር ከጀማሪ እግር አትሸሽም፤ የጐረቤትንም መስተዋት አትሰብርም። ልጆቹ ክብ ሠርተው ኳሷን ሲቀባበሉ አንዱ መሀል ገብቶ የሚነጥቅበት ጨዋታ ለመጀመሪያ ቀን መልካም ነው። ጀማሪዎች ከሆኑ አንድ ነጣቂ ለአራት ይሁን፤ ሲጐብዙ ክቡ ይጥበብ ወይም ነጣቂው ሁለት ይሁን። አንዱ ልጅ እጅግ ከበለጠ በዚያው በግራው እንዲጫወት እዘዙት፤ አያት እንዳደረጉት ማለታችን ነው። ወገን ሲከፈል ግን ሁለት አለቆች ቆመው ልጆቹን በየተራ እንዲመርጡ አታድርጉ። መጨረሻ የሚመረጠው ልጅ ማን እንደ ሆነ ልጆቹ ሁሉ አስቀድመው ያውቃሉ፤ እርሱም ያውቃል።

ከበዓሉ በኋላ ከመምህሩ ጋር ተገናኝተን ተነጋገርን። እንደ ፈራነው አልተቀየመንም። «እኔም ሰልፉን አልወደውም፤ ግን 54 ልጅ ሁለት ኳስ ይዤ ምን ላድርግ? ስለቅቃቸው ይደባደባሉ፤ ጫጫታው በአጠገባችን ያለውን ክፍል ይረብሻል፤ ሊጐበኝ የመጣ ሰውም ሰልፍ ካላየ ትምህርት የለም ይላል» አለን። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ችግሮች ናቸው፤ በብዕር ተቀምጦ ለሚያስተምር ሰው ብቻ ይቀላሉ። ሆኖም አብረን አሰላን፦ 54 ልጅ በስድስት በስድስት ቢከፈል ዘጠኝ ጨዋታ ይሆናል፤ ዘጠኝ የጨርቅ ኳስ ከዘጠኝ ቤት ይመጣል፤ ሜዳው በኖራ ቢሰመር ዘጠኝ ትንንሽ ሜዳ ያወጣል።

የመጀመሪያው ሐሙስ አላማረም። ሁለት ኳሶች ተፈቱ፤ በሦስት ሜዳዎች ጠብ ተነሣ፤ የአንዱ ሜዳ ልጆች ወደ ሌላው ሜዳ ገብተው ጨዋታው ተቀላቀለ። በሁለተኛው ሐሙስ መምህሩ በየሜዳው አንድ አንድ ልጅ ዳኛ አድርጎ ሾመ፤ ዳኝነቱንም በየሩብ ሰዓቱ አዛወረው። በሦስተኛው ሐሙስ ከግንቡ ሥር ተቀምጠን ስናይ ጫጫታው እንደ ፊደል ትምህርት ቤት ነበር። መምህሩም ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው እየዞረ ጐንበስ ብሎ ይጠይቅ ነበር። አንድ ሜዳ ብቻ አሁንም አልሠምር ብሎታል፤ በዚያ ያሉት ልጆች ሕጉን ከመጫወት መከራከሩን ወደዱ።

የእኛ ልጅ ከጓደኞቹ ሁሉ የላቀ ተጫዋች አልሆነም፤ ይሆናልም ብለን አንጠብቅም። በስድስቱ መካከል በሩጫ አምስተኛ ነው። ነገር ግን ባዶ ቦታ አይቶ የመቆም ብልሃት ስላለው ኳስ ይሰጡታል። ከየካቲት ወር ወዲህ ሐሙስ ጧት ሆዱን አሞት አያውቅም። በዚህ ፈንታ ጫማው ሁለት ጊዜ ተቀዶ ወደ ሰፊ ሄዷል፤ ሰፊውም በሦስተኛው ጊዜ፣ «ይህን ልጅ ጨርቅ ጫማ ብትገዙለት ይሻላል» ብሎ መክሮናል።